የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሞተ፤ ከተራራቅን በኋላም እንዲህ ማዘን ያለ ነው?

የኋላ ወንበር

ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት እስክንጨርስ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ በዚህ ሳምንት አረፈ። የሰማሁት ከዘመድ አይደለም። የድሮ ክፍል ጓደኞች ግሩፕ ላይ ፎቶው ተለጠፈ፤ ከሥሩ "ነፍሱን ይማር" ተከታተለ። መታመሙን እንኳ አላውቅም ነበር።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። ቤተሰቡ በማያውቀው ቦታ ስሙ እንዲዞር አልፈልግም።

ግራ የገባኝ ነገር አለ። ትምህርት ከጨረስን በኋላ መንገዳችን ተለያየ። አልተጣላንም። አልፎ አልፎ "እንዴት ነህ፣ አለሁ" እንባባል ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ ቀረ። ሚስቱን አላውቃትም። ልጆቹን ያየሁት በፎቶ ነው። ታዲያ ለምን እንዲህ ያመኛል? ሥራ ቦታ "ምን ሆነሃል?" ሲሉኝ "ጓደኛዬ ሞቶብኝ" እላለሁ። "በቅርብ ትገናኙ ነበር?" ይሉኛል። "አይ፣ የድሮ ነው" ስል ፊታቸው ዘና ይላል። "አይዞህ" ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኔም አብሬያቸው ዘና ማለት ያለብኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። ስለ እሱ የማስታውሰው ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም የልጅ ነገር ነው። ለምሳሌ ፈተና ላይ መልሱን በሳል ነበር የሚነግረኝ። አንዴ ከሳለ "ሀ"፣ ሁለቴ ከሳለ "ለ"። አንድ ቀን በእውነት ጉንፋን ይዞት መጣ። የዚያን ቀን ውጤቴን አልናገርም። እንዲህ ያለ ነገር ለሐዘንተኛ ቤተሰብ መንገር ነውር ነው? ወይስ ለራሴ ልያዘው?

ጠመኔ

ያጽናህ ወንድሜ። ያለ ነገር ነው፤ እኔም ላይ ደርሷል። በጣም የከበደኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? አብሮኝ የሚያስታውስ ሰው ማጣቴ። ሁለታችን ብቻ የምናውቃቸው ቀልዶች ነበሩን። አሁን ለሌላ ሰው ልንገር ብል መጀመሪያ ማን ማን እንደነበር፣ አስተማሪው እንዴት ይራመድ እንደነበር ማስረዳት አለብኝ። እስካስረዳ ድረስ ቀልዱ ያልቃል።

ጉንፋኑ ግን አስቆኛል። ይቅር በለኝ።

ግልጽ ሰው

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ሁሉም የሚለውን አልልም። ለዓመታት ያልተገናኘኸው ሰው ሲሞት የምታለቅሰው ለእሱ ነው ወይስ ለራስህ? እኩያህ ሞተ። "ተራው እኛ ጋ ደረሰ እንዴ?" ብለህ ደነገጥክ። ይኼ ፍርሃት ነው። ሐዘኑ የሚስቱና የልጆቹ ነው፤ ለእነሱ ብንተውላቸው ይሻላል።

ጠመኔ

@ግልጽ ሰው ሐዘን ወረፋ አለው እንዴ?

ግልጽ ሰው

ወረፋ ባይኖረውም ልክ አለው። ግሩፖቹን ግባና እይ። በሕይወት እያለ "ሰላም ናችሁ?" ሲል ያልመለሱለት ሁሉ ዛሬ ግጥም ይለጥፋሉ። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው እንጂ ይኼ ልጅ አይደለም።

መንገደኛ

አይዞህ። የሐዘን የመጀመሪያው ደረጃ መካድ ነው፤ ቀጥሎ ንዴት ይመጣል። አምስቱን ደረጃ ስትጨርስ ትቀበለዋለህ።

አድማጭ

ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎችን ማማከር ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልግባ።

ግልጽ ሰው ካለው ግማሹ እውነት ነው። የእኩያ ሞት የራስን ሞት ያስታውሳል። ግን ፍርሃት ስለተቀላቀለበት ሐዘኑ ውሸት ይሆናል ማለት አይደለም። እኔ ጋ ከሚመጡት ሰዎች ንጹሕ ሐዘን ብቻ ይዞ የመጣ አላስታውስም። ንዴትም፣ ፍርሃትም፣ አንዳንዴ እፎይታም አብሮ ይመጣል።

የኋላ ወንበር፣ ፊታቸው ዘና ስላለው ባልደረቦችህ የጻፍከው ብዙ የተጠና ነገር ነው። ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ስለዚህ ጉዳይ ሰፊ ሥራ አሳትሟል። ሐሳቡ ሲጠቀለል፣ ለማን ማዘን እንደሚፈቀድ የሚወስን ያልተጻፈ ሕግ በየማኅበረሰቡ አለ ነው። የትዳር አጋር፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት ሕጉ ያውቃቸዋል። ጓደኛ፣ የተፋታ ባል ወይም ሚስት፣ የሥራ ባልደረባ ከሕጉ ውጭ ናቸው። እነሱም ያዝናሉ፤ ግን "እንዴት ከረምክ?" የሚላቸው የለም። መሥሪያ ቤትም ለጓደኛ ሞት ፈቃድ ሲሰጥ ብዙ አይታይም። ስለዚህ በሐዘኑ ላይ "ማዘን አይገባኝም" የሚል ሌላ ሸክም ይደረብበታል። አንተን እያደከመህ ያለው ይኼ ሁለተኛው ይመስለኛል።

መንገደኛ፣ በአምስቱ ደረጃዎች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የምትባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ስትጽፋቸው ያነጋገረቻቸው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን ነበር። ለሐዘንተኛ የተለጠጠው በኋላ ነው። ሰው ደረጃ በደረጃ እየወጣ አይጨርስም። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የሚባሉ የሐዘን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ እኔ በሥራዬ ከማየው ጋር የበለጠ ይገጥማል። ሰው በሐዘኑና በኑሮው መካከል ይመላለሳል ይላሉ። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት በኋላ መሳቅ በሽታ አይደለም። በማግስቱ እንደገና ማልቀስም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።

መምህር ነበርኩ

ልጄ፣ እኔ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች ከእኔ ቀድመው ሲሄዱ አይቻለሁ። ስለዚህ ምክር ሳይሆን ያየሁትን ልንገርህ።

ማዘንህ ለምን እንደሚገርምህ አልገባኝም። ያ ዕድሜ ቀላል ዕድሜ አይደለም። ሸምገል ያሉ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ትዝታቸው ከአሥራዎቹ ዕድሜ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ባለው ጊዜ ላይ በብዛት ይከማቻል። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ነው። በክፍል ጓደኞች ላይ ብቻ የተሠራ ጥናትም አለ። ሃሪ ባሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ነው። 392 የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎችን የድሮ ክፍል ጓደኞቻቸውን ምን ያህል እንደሚያውቁ ፈተኑ። ከተመረቁ 15 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች ፎቶ ሲያዩ 90 በመቶ ያህሉን ለዩ። ያለ ፎቶ ስም ብቻ ቁጠሩ ሲባሉ ግን ወደ 60 በመቶ ወረደ። 48 ዓመት ገደማ ያለፋቸው ደግሞ ያለ ፎቶ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያስታወሱት። እኔ ሲገባኝ ሰዎቹ ከውስጣችን አይጠፉም፤ የሚቀሰቅሳቸው ነገር ይፈልጋሉ። ግሩፑ ላይ የተለጠፈው ፎቶ አንተን የቀሰቀሰህም ለዚህ ነው።

ግሩፑን ካነሳሁ አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትዝታህን እዚያ ከመለጠፍህ በፊት ብቻህን ሆነህ ጻፈው። የሌሎቹን ሳታነብ። ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሲያስታውሱ፣ ለየብቻ ጽፈው ቢደመር ከሚገኘው ያነሰ ያወጣሉ። ይኼም በጥናት የታየ ነው። አንዱ "ዝምተኛ ልጅ ነበር" ካለ ሁሉም የዝምታውን ታሪክ ማውጣት ይጀምራል። ለፍላፊ የነበረበት ጊዜ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ይኼን ስንት ጊዜ አየሁት መሰለህ! ጎበዙ ልጅ መጀመሪያ ከመለሰ ሠላሳ ልጅ ያንኑ መልስ ይዞ ይነሳል።

ዝም አልልም

እኔ የተለየ ነገር አለኝ፤ የት እንደምጽፈው ስላጣሁ እዚህ ልተንፍሰው።

የእኛም ክፍል ልጅ ሞተ። ግሩፑ በምስጋና ተጥለቀለቀ። "መልአክ ነበር"፣ "ሳቁ የማይጠፋ"። እኔ ግን ያንን ሳቅ የማውቀው ከሌላ በኩል ነው። የሚስቅብኝ ሰው ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ቤት መሄድ እንዳልፈልግ አድርጎኛል። አሁን ዝም ብል "አንቺስ ምንም አትይም?" ይሉኛል። ብናገር ደግሞ በሙት ላይ ተናገረች እባላለሁ። "ነፍሱን ይማር" ማለት እችላለሁ፤ ከልቤም ነው። "መልአክ ነበር" ማለት ግን አልችልም።

ግልጽ ሰው

አትበይ። "ነፍሱን ይማር" በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ የራሱ ችግር ነው።

አድማጭ

@ዝም አልልም በግልጽ ሰው መልስ እስማማለሁ (ዛሬ ምን ነካን?)። የምጨምረው አለኝ። ያስቀየመን ሰው ሲሞት የሚሰማን ሐዘን አንዳንዴ ይብሳል። ምክንያቱም ሒሳቡ ሳይዘጋ ይቀራል። አንድ ቀን ይቅርታ ይጠይቀኛል የሚል ተስፋ፣ ሳናውቀውም ቢሆን፣ ውስጣችን ነበር። አሁን ያ ሄደ። ይኼን ለቤተሰቡ አትላኪ፤ የእነሱ ዕዳ አይደለም። ግሩፑ ላይም መለጠፍ የለብሽም። ግን የዚያን ጊዜውን አንቺን የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጊና ንገሪው። ብቻሽን አትያዥው።

ዝም አልልም

የዚያን ጊዜ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ አለች። ከእሷ ጋር ስለዚህ አውርተን አናውቅም። ልደውልላት ይሆናል። አመሰግናለሁ።

ታላቋ ልጅ

ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። የኋላ ወንበር ለጠየቁት ሁለተኛ ጥያቄ ግን ከሌላው ወገን ሆኜ ልመልስ። አባቴ ከሞተ ቆየ። እኔ እዚያ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ውስጥ ያለሁት ልጅ ነኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ብዙ ይናገራል። "ጥሩ ሰው ነበር፣ ደግ ነበር፣ ለሰው አሳቢ ነበር።" ክፉ ብለው አይደለም፤ ግን ያ ሁሉ ስለማንም ሊባል ይችላል። ጆሮ ላይ ያልፋል። አንድም ቃል አላስታውስም።

አንድ ቀን ከአባቴ የድሮ የክፍል ጓደኛ ደብዳቤ መጣ። ሰውየውን አይተነው አናውቅም። የጻፈው አባቴ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ስላደረገው ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ይፈራ ነበር ይላል። ተራው ሲደርስ "መጽሐፌን ረሳሁ" እያለ ያመልጥ ነበር። መጽሐፉ ግን ሁልጊዜ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጓደኛው ይኼን ስላወቀ መምህሩ አባቴን ሊጠራ ሲል እጁን እያወጣ "እኔ ላንብብ" ይል ነበር።

እኛ የምናውቀው አባት ሰው ሰብስቦ የሚናገር፣ ድምፁ ግቢ የሚሞላ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በዚያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ማንበብ የሚፈራ ልጅ ነበር። አባቴ አንድም ቀን አልተቆጣውም፤ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቅነው ከዚያ ደብዳቤ ነው። ወንድሜ ደብዳቤውን ወስዶ የት እንዳስቀመጠው አይናገርም።

እርስዎ "የልጅ ነገር ነው" ብለው ያቃለሉት ነገር እኛ ቤት የሌለው ነው። ሚስትም ልጆችም ያገኙት ትልቁን ሰው ነው። ልጁን አላገኙትም። እሱ ያለው እናንተ ጋ ነው። ወላጆቹ በሕይወት ከሌሉ ደግሞ እናንተ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ እባክዎ ይጻፉ።

ያልጠቀመንንም ልንገርዎ። ስለ ራሳቸው ጸጸት የጻፉ ነበሩ። "ሳልደውልለት፣ ሳላየው፣ ራሴን ይቅር አልልም" የሚል ረጅም ጽሑፍ። እናቴ ያንን አንብባ የጻፈውን ሰው ለማጽናናት መልስ ልትጽፍ ተቀመጠች። በራሷ ሐዘን ላይ። እሱን እንዳያደርጉ። ደግሞ "የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩኝ" የሚለው ምንም አያመጣም፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስልክ አንስቶ አይለምንም።

ጠመኔ

ይኼን አንብቤ ተነስቼ ትንሽ ተራመድኩ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ግልጽ ሰው

እኔ ሐዘኑን ለቤተሰቡ ተዉላቸው ነው ያልኩት። ቤተሰቡ ራሱ አምጡልን ካለ የምለው የለኝም።

ሲም ካርድ

የኋላ ወንበር፣ ከመጻፍህ በፊት አንድ የማይዘገይ ሥራ አለ። ያለህን ሰብስብ። ፎቶ፣ መልእክት፣ በተለይ የድምፅ መልእክት። ሰው "ቻቱ ውስጥ አለ" ብሎ ይተማመናል። አይኖርም።

ዋትስአፕ በአብዛኛው ለ120 ቀን ያልተከፈተ አካውንት ያጠፋል። አንተ ስልክ ላይ ያለው ቻት ወዲያው አይጠፋም፤ ግን ስልክ ስትቀይር ባክአፕ ካላደረግክ ይሄዳል። ቴሌግራምም ባለቤቱ ካልገባበት አካውንቱ ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ አለው። ጉግል ደግሞ ሁለት ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ማጥፋት ይችላል፤ ይኼን የጀመረው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ነው። ኢሜይሉም ፎቶውም አብሮ ነው የሚሄደው። የስልክ ቁጥሩም አንድ ቀን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። የሞተ ጓደኛህ ቁጥር ላይ የማታውቀው ሰው ፎቶ ብቅ ሲል ደስ አይልም፤ ቀድመህ እወቀው።

ስለዚህ የድምፅ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አውጥተህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ኮምፒውተርም፣ ፍላሽም ይሁን። አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጥ።

መንገደኛ

የፌስቡኩስ? በየዓመቱ "ዛሬ ልደቱ ነው" እያለ የሚያስደነግጠኝ አንድ ጓደኛ አለኝ።

ሲም ካርድ

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ፌስቡክ የሟችን ገጽ ወደ መታሰቢያ ይቀይራል። ሲቀየር ከስሙ ጋር የመታሰቢያ ምልክት ይመጣል፤ የልደት ማስታወሻውም ይቆማል። ፎቶዎቹና ጽሑፎቹ አይነኩም። ጓደኛም ቢሆን የሞት ማረጋገጫ አያይዞ መጠየቅ ይችላል። ግን ቤተሰቡን ሳታማክር እንዳትሞክረው! አንዴ ከተቀየረ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው እንኳ መግባት አይችልም። ሚስቱ ገና የምትፈልገው ፎቶ፣ የምታነበው መልእክት ሊኖር ይችላል። ለደግነት ብለህ በሩን ትቆልፍባታለህ።

በሕይወት ያለን ደግሞ አሁኑኑ ሴቲንግ ገብተን ከሞትን በኋላ ገጻችንን የሚይዝ ሰው መምረጥ እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣ ነገር ነው። ጉግልም፣ አፕልም ተመሳሳይ አላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ማንም አያደርገውም።

የኋላ ወንበር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግልጽ ሰውንም ጭምር።

መምህር እንዳሉኝ ግሩፑን ዘግቼ ብቻዬን ጻፍኩ። ያላሰብኩት ብዙ ነገር ወጣ። ከዚያ ከፈትኩና የሌሎቹን አነበብኩ። እውነትም ሁሉም "ኳስ ተጫዋች ነበር" እያለ ነው። አንዱ ስለጀመረው። እኔ ገጾች ጽፌ ኳስ አንድም ቦታ አልገባም።

ለቤተሰቡ የምልከውን ቀንሼ እዚህ ላስቀምጠው። አስተያየት ካላችሁ ንገሩኝ።

"ከባለቤትሽ ጋር ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። አንቺም ልጆቹም አታውቁኝም። የምጽፈው እናንተ የማታውቁትን ልጅ አውቀው ስለነበር ነው። እርሳሱን ሁልጊዜ ለሁለት ይሰብረው ነበር፤ ግማሹ ለሚለምነው ሰው ነው። የራሱን ሙሉ እርሳስ አይቼ አላውቅም። ሲፈራ ያፏጫል። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የት እንደደረሰ የምናውቀው በፉጨቱ ነበር። አንድ ጊዜ መስኮት የሰበርኩት እኔ ሆኜ ሳለ ሁለታችንም ተጠራን። ማን እንደሰበረው ሲጠየቅ 'ነፋስ ነው' አለ። ነፋስ አልነበረም። ሁለታችንም ተቀጣን። ሲመለስ 'ቢያንስ ነፋሱ አልተቀጣም' አለኝ። የድምፅ መልእክቶቹን ሰብስቤአለሁ። ስትፈልጊ እልክልሻለሁ፤ ካልፈለግሽም እኔ ጋ ይቆያሉ። መልስ መጻፍ አይጠበቅብሽም።"

ታላቋ ልጅ

ይህን ይላኩት። "መልስ መጻፍ አይጠበቅብሽም" ያሉት በጣም ጥሩ ነው። የድምፁንም ነገር ለእሷ ምርጫ መተውዎ ልክ ነው። እናቴ የአባቴን ድምፅ ለመስማት ረጅም ጊዜ ፈጅቶባታል። ሳይጠይቅ የላከ ሰው ነበር፤ ከፈተችውና ያን ቀን ሙሉ አልተነሳችም።

መምህር ነበርኩ

መስኮቱን የሰበርክ አንተ ነህ ማለት ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው ልጄ። አትነካካው።

ግልጽ ሰው

ጽሑፉ ውስጥ ስለ ራስህ ሐዘን አንድ ቃል የለም። እኔ ስጨቀጭቅ የነበረው ይኼንን ነው። በርታ።

አዲስ ገቢ

ይኼን ውይይት ዛሬ ነው ያገኘሁት። የእኔ ጓደኛ ከሞተች ዓመት አልፏል። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም፤ የሰማሁት በጣም ዘግይቶ ነው። አሁን ብጽፍ ቁስል መነካካት አይሆንም? ደግሞ የቤተሰቧ አድራሻ የለኝም።

ታላቋ ልጅ

ቁስሉን የሚነካካው ደብዳቤው አይደለም። በየቀኑ ያስታውሷታል፤ አንቺ ስላልጻፍሽ አይረሱም። በመጀመሪያው ሳምንት መልእክት ይጎርፋል፤ ማን ምን እንዳለ እንኳ አይለይም። ከወራት በኋላ ስሟን የሚጠራ ሰው ይጠፋል። ያ ስለ አባቴ የነገርኳችሁ ደብዳቤ የመጣውም ዘግይቶ ነበር። ለአድራሻው የሥራ ባልደረቦቿን ሞክሪ፤ ወይም ግሩፑ ላይ ዜናውን መጀመሪያ የለጠፈውን ሰው ጠይቂ። ሰውየው ከሆነ ቦታ ሰምቷል።

አዲስ ገቢ

እሱን አላሰብኩትም ነበር። አሁን ልጽፍለት ነው።